ለጀልባው ነው ወይስ ለመቃብሩ?

ልጅ ሳለሁ፣ እንግሊዝ አገር ሃርልስደን ውስጥ፣ እናቴ የማታ ሺፍት በገባች ቁጥር የምታስቀምጠኝ ከእኛ በር ትይዩ የሚኖሩ አንድ የቬትናም ሽማግሌ ቤት ነበር። ስማቸው ሚን ነው። እናቴ «ትልቅ ሰው እንዲሁ በስሙ አይጠራም» ብላ አባባ ሚን አስባለችኝ፤ እሳቸውም ወደውት ነው መሰለኝ፣ ለፖስተኛው ሳይቀር አባባ ሚን ነኝ ማለት ጀመሩ። የእሳቸውና የእናቴ እንግሊዝኛ ስለማይገናኝ የሚግባቡት ሳህን በመላላክና በእኔ አስተርጓሚነት ነበር።

ቤታቸው ነጭ ሽንኩርትና ሰንደል ይሸታል። ነጭ ሽንኩርቱን በረንዳቸው ላይ በረጅም ሳጥን ይተክሉታል። ሰንደሉን የሚለኩሱት የሟች ዘመዶቻቸው ፎቶ ለተደረደረበት መደርደሪያ ነው፤ የጭስ አላርሙ እንዳይጮህም የሻወር ላስቲክ ቆብ አልብሰውታል። ያኔ ትልቁን መብራት አጥፍተው፣ በመደርደሪያው ቀይ አምፖልና በሰንደሉ ፍም ብርሃን ብቻ ተቀምጠን፣ ስለ ተወለዱበት ደሴት ያወሩኝ ነበር። ጀልባ የሌለበት ተረት ነግረውኝ አያውቁም።

በደሴታቸው አዲስ ጀልባ ዐይን ሳይሳልለት ውሃ አይነካም፤ ዕውር ጀልባ መንገድ ከየት ያውቃል? ደጋግሜ የማስተርታቸው ግን ይህን ነበር፦ በጥንት ዘመን ንጉሡ የደሴቲቱን ወንዶች ወደ ሩቅ ባሕር ይልካቸው ስለነበር፣ ቤተሰብ አስቀድሞ ትንሽ ጀልባ ይሠራል፤ ሩዝ፣ ጨውና ማገዶ ይጭንበታል፤ ለእያንዳንዱ ተጓዥም የጭቃ ሰው አበጅቶ፣ በስሙ ሰይሞ ያሳፍረዋል። ባሕሩ የጭቃውን ሰው ወስዶ የሥጋውን እንዲተውላቸው ነው። ልማዱ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይደረጋል አሉኝ።

«ባሕሩ ካልተታለለስ?» አልኳቸው።

«ያኔ ጭቃው ለሌላ ነው።» ሬሳው ላልተገኘ ሰው፣ የሐር ትል ከሚበላው ዛፍ ቅርንጫፍ አጥንት ይሠራለታል፣ በጭቃ ሥጋ ይለብሳል። ዘመድ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ስሙን ይጠራዋል፤ ነፍሱ ሰምታ ትመጣለች፤ ተለቅሶ ይቀበራል። የነፋስ መቃብር ይሉታል። ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ እህል ይቀምሳል።

እኛ ቤት እህል የሚቀመሰው ለይምሰል ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ሰሎሞን፣ ከሊቢያ በጀልባ ልነሣ ነው ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ጓደኞቿ እሷ ሳትኖር «ያ ልጅ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ» ሲሉ እሰማቸዋለሁ፤ ፊቷ ግን ደፍሮ የሚናገር የለም። መርዶ ለማርዳት ሞቱን ያየ ሰው ይፈልጋል፤ ያየ ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ አላለቀሰችም። ከገበያ ወፍራም ካፖርት ገዝታ ኮሪደሩ ላይ ሰቀለችለት፤ «ሲመጣ በዚህ ብርድ ምን ሊለብስ ነው?» አለች። የፋብሪካው ወረቀት ከእጅጌው ሳይቆረጥ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። የማታውቀው ቁጥር ሲደውል ሻወር ውስጥም ብትሆን ሮጣ ትወጣለች። እኔ ካፖርቱን እፈራው ነበር፤ እናቴ ቀን በቀን እየከሳች፣ እሱ ግን እንደወፈረ ተሰቅሏል።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት የሸክላ ጭቃ ሲሰጡን ሌላው ልጅ ድመትና ዳይኖሰር ሠራ፣ እኔ ሰው ሠራሁ። ማታ ለአባባ ሚን ሰጠኋቸው። የዓመቱን ጀልባቸውን ጠረጴዛው ላይ እየሠሩ ነበር።

«ሰሎሞን ይባላል» አልኳቸው።

መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ አዩት። «ለጀልባው ነው ወይስ ለመቃብሩ?»

እኔ ምን አውቄ! ሁለቱን ተረቶች አንድ አድርጌያቸው ነበር።

«ይህን እኔም ልነግርሽ አልችልም» አሉ። «እናትሽን ጠይቂ።»

እናቴ ከሥራ መጥታ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ሁለቱን ተረቶች ነግሬ፣ ሻይሽ ስንት ስኳር ይሁን እንደሚል ሰው ጠየቅኋት። መጀመሪያ ተቆጣች። «ለልጄ መቃብር የሚያስተምሩት ምን ነክቷቸው ነው?» አለች። እኔም አልተረጎምኩትም። ከዚያ ዐይኗ ጀልባው ላይ ዐረፈ፤ ውስጡ አንድ ትንሽ የጭቃ ሰው ቀድሞ ተቀምጧል።

«ያኛው ማነው? ጠይቂልኝ እስቲ።»

«ልጄ ነው» አሉ አባባ ሚን። «ከአገር ስንወጣ በሌላ ጀልባ ነበር የተሳፈረው። በየዓመቱ እልክለታለሁ።»

«ስንት ዓመቱ ነው በያቸው።»

«ያኔ የአንቺ እኩያ ነበር» አሉኝ። «አሁን ከእናትሽ ይበልጣል።»

ተረጎምኩላት። እናቴ ሽበታቸውን አየች፣ የጭቃውን ልጅ አየች፣ ከዚያ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ምንጣፋቸው ላይ ቁጭ አለች። «ለመቃብሩ ነው በያቸው» አለች።

እሑድ ከሰዓት ሦስታችንም በሰፈራችን ወደሚያልፈው የውሃ ቦይ፣ ወደ ካናሉ ወረድን። አባባ ሚን ጀልባቸውን ለቀቁ፤ ሣር ሲይዘው በጃንጥላቸው ገፋ አደረጉት። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከውሃው ዳር ቆመችና «ሰሎሞን!» ብላ ተጣራች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ዳክዬዎቹ ተበተኑ፤ የሚሮጥ አንድ ሰው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ቆመ። እሷ እስኪበቃት አለቀሰች። ሰሎሞንን የቀበርነው በአባባ ሚን በረንዳ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ መሐል ነው። በማግስቱ ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ፤ እናቴ እርሟን አወጣች፣ በላችም። ካፖርቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ወረቀቱን በጥርሷ በጠሰችና «ለነፍሱ ነው፣ አባባ ሚን ይልበሱት በያቸው» አለችኝ። እጅጌው ጣቶቻቸውን ይሸፍን ነበር። በየክረምቱ እጅጌውን አጥፈው ለበሱት።

አባባ ሚን ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗል። እዚህ አገር ዘመድ ስለሌላቸው ጀልባዋን የምሠራው እኔ ነኝ። ተረቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል፤ ጥያቄያቸው ግን ጭቃ በያዝኩ ቁጥር ይመጣል። ስለ ልጃቸው መልሱን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ግን እርም የሚያወጣው ዘመድ ነው፤ እሳቸው ሳያወጡ የሄዱትን እኔ ማን ነኝና አወጣለሁ? ስለዚህ ዐይን እስላለሁ፣ ሩዝና ጨው እጭናለሁ፣ ልጃቸውን አሳፍራለሁ። ዘንድሮ ከጎኑ እጅጌው የረዘመ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ሙት በጀልባው እንደማይሳፈር አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ልጁ ግን ያኔ የእኔ እኩያ ነበር፤ ብቻውን ልልከው አልቻልኩም።