አገኘሁሽ ኮምፒውተሯን ፎርማት ያስደረገች ዕለት

ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርግም ያለው በጾመ ነነዌ ሰኞ ነው። አገኘሁሽ ቀኑን አትረሳውም። ከጽጽቃ ለመጣች ሴት ማመልከቻ እየጻፈች «በታላቅ ትሕትና» የምትለው ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ነጭ የፈረንጅ ጽሑፍ ዘረገፈና ጠፋ። ሴትየዋ ደንግጣ «እኔ ምን ነካሁበት?» ብላ ከወንበሯ ተነሣች።

«አንቺማ ምን ነካሽ፣ እሱን ነው እንጂ የሆነ ነገር የነካው!» አለች አገኘሁሽ፣ ማሽኑን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች። አበራችው፤ በራ። ጻፈች፤ ጠፋ። ያችን አንድ ገጽ ማመልከቻ አራት ጊዜ ጀምራ በአምስተኛው ጨረሰቻት።

አገኘሁሽ ሰቆጣ ውስጥ ፊደል የማትስት ጸሐፊ ተብላ የታወቀች ሴት ናት። ደሃና ወረዳ ተወልዳ፣ ቤት ውስጥ የአገሩን ቋንቋ ኽምጥኛን እየተናገረች አድጋ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤትና ከቄስ አባቷ ተምራ፣ አሥር ዓመት በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ሠርታለች። ኋላ የራሷን አንድ በር ሱቅ ከፈተች፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮፒ ማድረጊያ፣ አንድ ኮምፒውተር። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ልብሱንና እህሉን ሲደብቅ እሷ ኮምፒውተሩን በጆንያ ጠቅልላ ጭድ ውስጥ ቀበረችው። እናቷ «ይህን ሣጥን ልትበዪው ነው?» ብለው ተቆጥተዋታል። አልበላችውም፤ ግን እሱ ነው ከዚያ በኋላ ቤቱን ያበላው።

እንግዲህ ማሽኑ ቢበላሽ ማመልከቻው ሌላ ቤትም ይጻፋል፤ እሷን እንቅልፍ የነሣት ማመልከቻው አልነበረም። የየኔታ ፋይል ነው።

የኔታ ወልደ ኢየሱስ የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩት ደሃና ውስጥ ከነበሩ ገብረ አምላክ ከሚባሉ መምህር ነው። ቅኔ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ በማኅሌቱ አንዴ ይባላል፣ ይጣፍጣል፣ ያልፋል፤ ለነገ ሌላ አዲስ ነው። የመምህር ገብረ አምላክን ቅኔ የጻፈው ሰው የለም። በጆሯቸው ከሰሙት ተማሪዎች አንዱ ሞተ፣ አንዱ አገር ለቀቀ፣ የኔታ ብቻ ቀሩ። እናም ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ረፋድ በትራቸውን እያስቀደሙ ሱቋ ገቡና «ልጄ፣ እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊልኝ» አሏት። አገኘሁሽ ግዕዙን አታውቀውም፤ ፊደሉን ግን ታውቃለች። «ሐመሩ ሐ ነው፣ ብዙኃኑ አይደለም» ይሏታል፤ ታርማለች። መልሳ ታነብላቸዋለች። ወረቀት ላይ አውጪው ግን አይሉም። «ሲያልቅ አንዴ ይታተማል፤ ያልተጨረሰ ነገር ሟርት ነው» ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ቅኔዎቹ መቶ አሥራ ሰባት ደረሱ።

ፍላሽ ላይ ለምን አልገለበጠችውም? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። «ነገ እገለብጠዋለሁ» ትል ነበር። እስቲ እናንተስ ነገ ያላችሁት ስንት ነገር አለ?

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥቅምት የኔታ በሰባ ሰባት ድርቅ ዘመን መምህራቸው የተናገሯትን አንዲት መወድስ አሏት፤ ስምንት ቤት የምትሞላ ረጅም ቅኔ ናት፤ እያሏት ድምፃቸው ተቆራረጠ። አገኘሁሽም ትርጉሙ ሳይገባት ሆዷ ባባ። በሁለተኛው ሳምንት መጡና «ዛሬ ደግሞ ያልነገርሁሽ አንዲት መወድስ አለች» ብለው ያችኑ ጀመሩ። ጣቷን ልታቆም አሰበች፤ ግን የኔታ ማየት ቢያቅታቸው የመጻፊያውን ቁልፍ ድምፅ ይሰማሉ፤ ዝም ካለ ያውቁባታል። ስለዚህ ጻፈች። ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ጻፈችና እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሰረዘችው። በኅዳር ደገሟት፤ በጥር ደገሟት። ሌሎቹንም እንዲሁ ይደጋግሙ ጀመር። አንዳንዴ ደግሞ መሐል ላይ ይቆሙና «ይችን ለሌላ ቀን» ብለው ይነሣሉ። አገኘሁሽ ለባሏም ለእናቷም አልተነፈሰችም። መሪጌታ ረሱ ብላ በማን አፍ ትናገራለች? ቅኔዎቹ ከእሳቸው ራስ እየወጡ ነው፤ የቀሩት እዚያ ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑ ደግሞ ይኸው!

ዓቢይ ጾም ሲጋመስ ነገሩ ባሰ። በቀን ሁለቴ የነበረው በሰዓት ሁለቴ ሆነ። ኮምፒውተር የሚጠግነው በእውቀቱ መጣ። በእውቀቱ ጥሩ ልጅ ነው፤ ችግሩ ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ይጠበቃል፣ ስልኩም አያርፍም። ክዳኑን ፈታና «እትዬ አገኘሁሽ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው በረት?» አለ። ከጦርነቱ ጊዜ የቀረ ጭድ ነው። እፍ እፍ ብሎ አወጣው፤ ገጠመው፤ ማሽኑ ግን ሩብ ሰዓት ቆይቶ ድርግም አለ።

«ሲስተሙ ነው የተበላሸው» አለ። «ፎርማት አድርጌ ዊንዶው እንደ አዲስ ካልጫንሁ አይድንም።»

«ፎርማት ሲደረግ ምን ይጠፋል?»

«ሁሉም። ያንቺ ደግሞ የፋይል ማስቀመጫው ለሁለት አልተከፈለም፣ ያለው ሲ የሚባለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የሚያስፈልግሽን ወደ ፍላሽ ገልብጪ፤ ግን ቶሎ በይ፣ ሳይጠፋብሽ።»

«የየኔታን እኔው ራሴ ነኝ የምገለብጥ፣ እንዳትነካብኝ» አለችው። በእውቀቱም እጁን አንሥቶ «እሺ እሺ» አለና ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ስክሪኑ ፊት ላይ «የኔታ» የምትለዋ ምልክት እንደተለመደው ቁጭ ብላለች። አንሥታ ፍላሹ ላይ ጣለቻት። በዓይን ጥቅሻ ገባች። አገኘሁሽ «ተመስገን! ሳይጠፋ!» ብላ አማተበች። ቀጥላ የደንበኞቿን ጉርድ ፎቶግራፍ መገልበጥ ጀመረች፤ እሱ እኩል ሲደርስ ማሽኑ ጠፋ።

በእውቀቱ ተመልሶ «ሁሉን ያዝሽ?» አላት።

«ዋናውን ይዣለሁ።»

«ዶክመንት ውስጥ ያለውስ? ብዙ ነገር አለ እዚያ።»

«እሱ የድሮ ማመልከቻ ነው፣ ይሂድ!»

በገዛ አፏ ነው እንግዲህ። ይሂድ አለች፤ ሄደ።

ዊንዶው እስኪጫን አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። መብራት ትጠፋብኛለች ብላ አምፖሉን ሽቅብ እያየች አንገቷ ደነዘዘ። መሐል ላይ ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ ሲበራ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች፤ በእውቀቱ «ሥራው ነው፣ እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብሎ ሳቀባት። በመጨረሻ ስክሪኑ ንጹሕ ሆኖ በራ። የግዕዝ መጻፊያውን ጫነላት። ሩብ ሰዓት ጠበቁ፤ አልጠፋም። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ፤ አልጠፋም። አገኘሁሽ በጾሙ ብዛት የከሳው ፊቷ ፈካ አለ።

«በል ፍላሹን ሰካልኝ።»

ሰካው። «የኔታ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረገቻት። አልተከፈተችም። ደገመች። ማሽኑ የሆነ ነገር ጠየቃት። በእውቀቱ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ይህች እኮ ቀስት አለባት።»

«የምን ቀስት?»

ጣቱን ምልክቷ ጥግ ላይ አሳረፈ፤ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቀስት። ፋይሉን አይደለም የገለበጠችው። ወደ ፋይሉ የምትወስደውን ምልክት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ የሚያሳየውን ታፔላ ነቅሎ ቤተ ክርስቲያኑን ይዣለሁ እንደማለት። የኔታ ተቀምጠው እየጠበቁ ፋይሉን ስትፈልግ እንዳትጨናነቅ ብሎ ያችን ምልክት ፊት ለፊት ያወጣላት ራሱ በእውቀቱ ነበር፤ አምና። እሱም ረስቶታል። ፋይሉ ራሱ የነበረው ዶክመንት ውስጥ ነው፣ ከድሮ ማመልከቻዎች ጋር።

ክው አለች። በእውቀቱ የጠፋ ፋይል ይፈልጋል የተባለ ፕሮግራም ከስልኩ አውጥቶ ሲያስስ ዋለ። የማታውቃቸው ሰዎች ጉርድ ፎቶግራፍ ወጣ፤ የሁለት ዓመት የሠርግ መጥሪያ ወጣ። የየኔታ አልወጣም። በማግስቱም ሞከረ፤ አልወጣም።

«ግን እትዬ፣ ይህን ያህል ምን ያስጨንቅሻል?» አላት ሲሰለቸው። «እነሱ የቅኔ ሰዎች እኮ አይረሱም። ከራሳቸው ላይ እንደገና ይሉልሻል።»

መልሱን ብትነግረው የየኔታን ገመና አደባባይ ማውጣት ነው። «በቃ ሂድ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችውና በሩን ገርበብ አድርጋ አለቀሰች። ሰው ፊት የማታለቅስ ሴት ናት።

ሐሙስ ደረሰ። ሱቁን ዘግታ ደሃና ልትሄድ አስባ ነበር። አመመኝ ልትልም አስባ ነበር። ኋላ አፈረችና በጊዜ ከፍታ ተቀመጠች። ስንቱን ማመልከቻ የጻፈች ሴት ናትና «ባልታሰበ የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት» ብላ ልትጀምር ቃሉን በልቧ አሰናድታለች። ረፋድ ላይ የበትሩ ድምፅ መጣ፤ የኔታ የበሩን መቃን ዳብሰው ገቡ፣ ወንበራቸውን አግኝተው ተቀመጡ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? ስንት ላይ ቆመን ነበር?»

ያሰናዳችው ቃል ሁሉ ብን አለ። «የኔታ፣ አጠፋሁት» አለች።

«ምኑን?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ብልሽቱን፣ ፎርማቱን፣ ቀስቷን፣ «ይሂድ» ማለቷን ጭምር። በእውቀቱን አላማችውም። የኔታ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ የኔታ።»

«አንዲትም?»

«አንዲትም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የኔታ ግን «ማሽኑ አሁን ደኅና ነው?» አሏት።

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያስ ጻፊ።»

ጀመሩ። የሰባ ሰባቷን መወድስ ነው፤ ከመጀመሪያው ቤት እስከ ስምንተኛው አንዲት ቃል ሳይስቱ ወረዱባት። አገኘሁሽ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ጻፈች፤ ምናልባት እግዜር ይረዳን ይሆናል ብላ ልቧ ተነሣሣ። የኔታ «ቀጥሎ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያችኑ መወድስ ከመጀመሪያ ቤቷ ጀመሩ።

ጣቷ እንደለመደው ሄደ። አንድ ቤት ጻፈች። ሁለተኛው ላይ ግን እምቢ አላት። የቁልፉ ድምፅ ቆመ፤ የኔታም ቆሙ።

«ምነው?»

«የኔታ…» አለች። «ይችን አሁን ብለዋታል።»

«መቼ?»

«አሁን። የፊተኛዋ እሷ ናት።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ከመጥፋቱ በፊትስ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አራት ጊዜ ብለዋታል» አለች። «ሌሎችም አሉ፣ የደጋገሟቸው። ከጥቅምት ጀምሮ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ጻፍሽ?»

«እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው፣ የኔታ። እንዴት ብዬ አፌን ሞልቼ ረስተዋል ልበልዎት?»

የኔታ በትራቸውን መሬት ላይ ዱቅ አደረጉት። ፋይሉ ጠፋ ስትላቸው ያልወጣ ቁጣ አሁን ወጣ። «መምህሬ አንዲት ቃል ስስት በአርጩሜ ነበር የሚመልሱኝ! አንቺ ዝም አልሽኝ! እኔ እኮ ቅኔው እየሸሸኝ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ እየፈራሁ ነበር የምመጣው። ቁልፉ ሲንኳኳ ስሰማ፣ ተመስገን፣ አዲስ ነው የተናገርሁት እል ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።»

«ብትነግሪኝ ሌላዋን እፈልግ ነበር።» ድምፃቸው ወረደ። «በጥቅምት እኮ ገና ብዙ ነበሩ።»

አገኘሁሽ ይህን ቃል ከሰማች ወዲህ ስለ ፎርማቱ አልቅሳ አታውቅም። የምታለቅሰው ስለዚያ ስለ ቁልፉ ድምፅ ነው።

የጀመረችውን ቤት ሰረዘች። በሕይወቷ ለመሪጌታ ብላው የማታውቀውን ቃል ተናገረች።

«ሌላ ይበሉ፣ የኔታ። እሷ ተጽፋለች።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ድምፅ ግን ገና አልወጣም። አገኘሁሽ ጣቶቿን ፊደሉ ላይ አድርጋ ጠበቀች።