የጎጀቧ አዞ ልጆች

ልጅ ሳለሁ ሺሺንዳ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ እሳታችን ዳር ተቀምጠው፣ ጎደሬ ረመጥ ውስጥ እየቀበሩ፣ በጭሱ ዓይናቸውን እያሻሹ ተረት ይጀምራሉና። አንድ ምሽት ግን ተረቱም አላማረኝም። እናቴ ቦንጋ፣ አክስቴ ቤት ሆኜ እንድማር ቆርጣ ነበር። ፊት የማትሰጥ ሴት ናት፤ ሳለቅስ እንኳ «በጠዋት ተነሺ፣ አውቶቡሱ አይጠብቅሽም» ከማለት በቀር ምንም አላለችኝም። ያኔ ጠልታኝ የምታባርረኝ መሰለኝ።

ጋሽ ወልዴ ኩርፊያዬን አዩ። «ዛሬ ተረት የለም፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ» አሉ።

በጎልማሳነታቸው ጎጀብ ወንዝ ዳር ቀፎ ሊሰቅሉ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥተው ሳለ፣ አንዲት አዞ ከውሃው ወጥታ ከሥራቸው እንቁላሏን የቀበረችበት አሸዋ ላይ ትተኛለች። መውረድ የማይታሰብ ሆነ። ቅርንጫፉን እንዳቀፉ ከአሸዋው ውስጥ የጫጩት የመሰለ ድምፅ ተሰማ። አዞዋ ድምፁን ስትሰማ አሸዋውን ቆፈረች፤ ልጆቿንም በአፏ ታነሣቸው ጀመር።

«እኔ ሞኙ፣ በላቻቸው ብዬ ጮህኩ። አገሩስ አዞ የገዛ ልጇን ትበላለች አይደል የሚለው? ኋላ ውሃ ውስጥ ገብታ አፏን ስትከፍት፣ እየዋኙ ወጡ! የበሬ አጥንት የሚያደቅቅ ጥርስ አንዱን እንኳ አልቧጨረም።»

«ከዚያ ትታቸው ሄደች?» አልኩ፤ እንባዬ ቀድሞኝ ነበር።

«የት ትሄዳለች? ቀፎዬን ለማየት በሄድኩ ቁጥር እዚያው አጠገባቸው ነበረች። አሸዋ ላይ አያድጉም፣ ልጄ፤ ለዚያ ነው የወሰደቻቸው።»

እናቴ ፊቷን ወደ ጨለማው አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት እስኪያመኝ ድረስ እጄን ጨብጣ በገበያው መሃል አሳልፋ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ። አንዲትም የስንብት ቃል አልወጣትም። ሞተሩ ተነሥቶ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን እጄን በመስኮቱ በኩል እንደያዘች ጎን ለጎን ትራመድ ነበር።

«እትዬ፣ ኧረ ይልቀቋት፣ እንሂድበት!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ።

ሆዴ ባባ፤ ደስም አለኝ።

ዛሬ ዋጫ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከገጠር ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች፣ ኮስተር እንዳሉ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሰናበቷቸዋል። ልጆቹ የእናታቸውን ፊት እያዩ ያለቅሳሉ። እኔ የማየው የእናቶቹን እጅ ነው።