ማሽኑ ይችላል፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ

የቢሮአችን ታፔላ ሳይሰቀል ኮምፒውተሮቹ ደረሱ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ወንበር የሌላቸው ክፍሎች ነበሩ፣ አንድ ጠረጴዛ ለሦስት የሚጋሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጡት ኮምፒውተሮች ግን እንደታሸጉ ተደርድረው የሚፈታቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ወለጋ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ኮርስ ጨርሼ፣ «ቆላ ወርደሽ ወባ ይጨርስሽ?» እያሉ ያለቀሱብኝን ቤተሰቦቼን ትቼ አሶሳ የገባሁ ልጅ።

የአስተዳደር ኃላፊው የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ኪሱ አስገባው። ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል፣ ያለ እሱ ፈቃድ መንካት ክልክል ሆነ። ምክንያቱ አቧራ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ የአሶሳ ቀይ አቧራ ኪቦርድ ውስጥ ከገባ ፊደል አንቆ ይይዛል። ግን አቧራ የሚከለከለው ማሽኑን በማልበስ እንጂ ሰውን በማባረር አይደለም። የማይነካ ዕቃ ጣዖት እንጂ ዕቃ አይደለም እየተባልኩ ስላደግሁ፣ ቁልፉን ለጽዳት ብዬ ተቀብዬ ሳልመልሰው ቀረሁ። በሩንም ከፈትኩት።

ሠራተኛው መጣ። አንዱ ማውሱን እንደ ጋለ ብረት ምጣድ ፈርቶ በሁለት ጣት ይይዘዋል፣ ሌላው ስክሪኑን ያናግረዋል። ችግር አልጠፋም። የጊዜው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ስለማይግባቡ አንዱ ቢሮ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ፊደሉ ነፋስ የበተነው ገለባ ይመስል ነበር። ሰዉ «አበላሸሁት» ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ እኔ ደግሞ «እናንተ አልተሳሳታችሁም፣ የሠሩት ሰዎች ሳይነጋገሩ ስለሠሩት ነው» እላለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ፍሎፒ ዲስክ ሰጠሁ። ጽሑፉን በፓስወርድ እንዴት እንደሚቆልፍም አሳየሁ።

«ፓስወርዳችሁን ለማንም እንዳትነግሩ» አልኳቸው፣ «ለእኔም ቢሆን።»

የኃላፊው ጸሐፊ የበርታ ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያለች፣ ጣቶቿን ሳታይ የምትጽፍ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ አንተና አንቺን፣ እርስዎንም አትለይም፤ ለእሷ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው።

«ለአንተም አልናገርም?» አለችኝ።

«ለእኔም።»

«ወላሂ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለችና ኪቦርዱን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና ፓስወርዷን ጻፈች። ዛሬ ስልኬ ላይ የእጅ ባትሪ ለማብራት ያወረድኩት ፕሮግራም የማውቃቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥር ሁሉ ልይ ሲለኝ ያቺ ሴት ትዝ ትለኛለች። መብራት ለማብራት የእናቴ ቁጥር ምን ያደርግለታል? እሷ ብትሆን በሻርፗ ትሸፍንበት ነበር። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ፕሮግራም ወዲያው አጠፋዋለሁ፤ በጨለማ መሄድ ይሻለኛል።

አንድ ጠዋት ስንገባ ሠራተኛው ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ተሰብስቧል። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ስም የሌለው ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ወረዳ የሚወርዱ ባለሙያዎች በጭነት መኪና ላይ ተሰቅለው ሲሄዱ የቢሮው መኪና ከባምባሲ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ቤት ከሰል ያመላልሳል ይላል። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ጮክ ብሎ ያላለው ነገር። በፊደሎቹ መካከል ደግሞ ቀጭን ነጭ መስመር ያልፋል። ፊደሉን በጥቃቅን መርፌዎች እየወጋ የሚጽፈው ፕሪንተራችን አንዷ መርፌው ስለተሰበረች እንዲህ ነበር የሚያትመው። ስለዚህ ወረቀቱ ከእኔ ክፍል እንደወጣ ለማንም አልጠፋውም።

ኃላፊው አስጠራኝ። በኮሪደሩ ስሄድ የስታቲስቲክስ ባለሙያው፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጓደኛዬ፣ ክንዴን ያዘኝ።

«አይቻልም በይው» አለኝ በሹክሹክታ። «ማሽኑ አያሳይም በይው። እሱ ምን ያውቃል?»

ደግ ምክር ነበር። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ማን እንደጻፈው ማወቅ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ፊቱ ፈካ። ወንበር ሳበልኝ።

«ግን አላደርገውም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ማሽኑ ይችላል። የተሰረዘ ጽሑፍ እንኳን መልሶ የሚነሳበት መንገድ አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ማሽኑ የመንግሥት ነው እኮ!»

«አዎ፣ የመንግሥት ነው። ሰዎቹ ግን የጻፉበት እኔን አምነው ነው። የተጻፈው ውሸት ከሆነ ደግሞ እርስዎ ስብሰባ ጠርተው ያስተባብሉ።»

«ውጪልኝ!» አለኝ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጓደኛዬ ለምን እንዳልዋሸሁ እስካሁን አይገባውም። እኔ ግን ያን ጊዜም ማሽን ላይ ማሳበብ አልወድም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ጠልቼዋለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት «ሲስተም የለም» እንባላለን። «ሲስተሙ አይፈቅድም» እንባላለን። ሲስተም ግን አፍ የለውም፤ የፈቀደም የከለከለም ሰው ነው። ሰው ከማሽን ጀርባ ሲደበቅ ማንን እንደምንጠይቅ ይጠፋናል። የሚከለክለኝ ሰው ፊቱን ያሳየኝ። እኔም ስከለክል ፊቴን አሳያለሁ።

ኃላፊው አልተኛም። በማግስቱ ሠራተኛውን በሙሉ አዳራሽ ሰብስቦ፣ «ሁላችሁም ዲስካችሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ፓስወርዳችሁንም ለእኔ ተናገሩ» አለ። ማንም አልተነሳም። መጨረሻ ላይ የተነሳችው የራሱ ጸሐፊ ነበረች።

«እኔ ዲስክ አልሰጥም» አለች። «ውስጡ የአያቴ ተረት ነው። ሥራ ጨርሼ፣ ለልጆቼ ብዬ ነው የጻፍኩ። በእኛ ቋንቋ ነው። አንተ ታነበዋለህ?»

ሰው ሳቁን ዋጠ። ሌላ ቀን «አንተ» ስትለው ኃላፊው አማርኛዋ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። የዚያን ቀን ግን አማርኛዋ ይሁን ልቧ ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

«ወረቀቱን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ብሎ ጮኸባት።

«እኔ አይደለሁም። ብሆንም ለአንተ አልናገርም።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። የስታቲስቲክስ ባለሙያው በእጁ የያዘውን ዲስክ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ወጣ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሌላው። አዳራሹ ውስጥ ኃላፊው፣ እሷና እኔ ብቻ ቀረን። እሷ ረጋ ብላ ሻርፗን አስተካክላ፣ «ሻይ እንጠጣ፣ ና» ብላኝ ተነሣች።

ክረምቱ ሳይገባ ወደ ማንቡክ፣ ወደ ሩቅ የወረዳ ከተማ ተዛወርኩ። ለሥራው አስፈላጊ ስለሆንሽ ነው ተባልኩ። ማንቡክ በዚያን ጊዜ መብራት አልነበረም፤ ኮምፒውተርማ ማን ያመጣዋል። ቅጣቱም እሱ ነበር። ያው አንድ ክልል ቢሆንም መሐላችን ዓባይ ስላለ፣ አሶሳን ለቅቄ በወለጋ ወጥቼ፣ በጎጃም ዞሬ ነው የደረስኩት። መንገዱን በሙሉ አለቀስኩ። ተጸጽቼ አይደለም፤ ኮምፒውተሮቼን ለእሱ ትቼ መሄዴ አንገብግቦኝ ነው።

ማንቡክ ግን እንዳሰቡት አልቀበረኝም። በጽሕፈት መኪና ደብዳቤ እየመታሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ የሰው ራዲዮ ፈትቼ መጠገን ጀመርኩ። የጉሙዝ ገበሬዎች ከሩቅ መንደር ራዲዮ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ስመልስላቸው ማሽላ፣ አንዳንዴም ማር ያመጡልኛል። ሽቦ ሽቦ ነው፤ መብራት የሌለበት አገር ሄደሽ ትደነቁሪያለሽ ላለኝ ሰው መልሴ ይህ ነበር።

አሶሳ ላይ ደግሞ የመኪናው ወሬ አልሞተም። በግምገማ ላይ ሠራተኛው በገዛ አፉ፣ በገዛ ስሙ አነሳው። ከሰሉን የጫነው ሹፌር ሳይቀር ተናገረ። ኃላፊው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተመደበ፤ እኔም ተጠርቼ ተመለስኩ። ጸሐፊዋ መናኸሪያ ድረስ መጥታ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ፣ «ከሳህ» አለችኝና አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

ወረቀቱን ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮምፒውተሩ እዚያው ነበር፤ መንገዱንም አውቀዋለሁ፤ ግን አልፈለግሁም። አዲሱ ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን ሻይ ጋብዞኝ፣ እንደ ቀልድ፣ «አሁንማ ጊዜው አልፏል፤ ማን ነበር? ንገሪን» አለኝ።

«ደግመው ከጠየቁኝ ማንቡክ ይመልሱኝ» አልኩት። «ያልጠገንኳቸው ራዲዮዎች አሉ።»

እሱ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም።