አግድ የሚለው ቁልፍ

ከቤት የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴ ገና አልተነሳችም ነበር። ጉልበቷን ስሜ፣ መርቂኝ ብዬ መውጣት ሲገባኝ ፈራሁ። አረብ አገር አትሄጂም ብትለኝ እንደምቀር አውቀዋለሁ፤ ሰው ፊት ቆሜ እምቢ ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ አልሆንልኝ ያለ ነገር ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሌባ ይመስል በእግሬ ጣት እየሄድኩ ወጣሁ። ሐሙሲት ላይ ሚኒባስ ስሳፈር ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ ትንሽ በሶና ታላቅ ወንድሜ አዱኛ የሰጠኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር።

አዱኛ ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ላፕቶፑን ከተጣለ ዕቃ ገጣጥሞ፣ ሊኑክስ የሚባል ማንም በነፃ የሚያገኘው ሲስተም ጫነበት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ እንግሊዝኛው እንዳያስቸግረኝ ብሎ ሜኑውን በአማርኛ አደረገልኝ።

አዲስ አበባ ኤርፖርት ፈታሹ ላፕቶፑን ክፈቺው አለኝ። ሲነሳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይዘንብ ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሊኑክስ ነው» አልኩ፣ ድምፄ እየጠፋ።

«ማነው እሱ? እጮኛሽ ነው?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቤይሩት እንደገባሁ የተቀጠርኩባት ማዳም ሞባይሌን ወሰደች። ሠራተኛ ስልክ አይዝም አለች። ላፕቶፑንም ከፈተችው፤ ያንን ጥቁር ስታይ «ይሄስ ተበላሽቷል» ብላ ወረወረችልኝ። ሊኑክስን ያመሰገንኩት ያን ቀን ነው።

እህቶቼ፣ ስለዚህ አገር ምን ልንገራችሁ? ሙቀቱ እንደ ረጠበ ጋቢ ትከሻ ላይ ይጫናል። የጉና ተራራ ንፋስ ናፈቀኝ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ እዚያ ሳለሁ ስረግመው ነበርና። ጠዋት ለብኔ የሚሉትን ይሰጡኛል፤ አይብ ነው ስል እርጎ ይሆናል፣ እርጎ ነው ስል አይብ ይሆናል። መብራቱ ደግሞ! ቤይሩት ማለት ሌሊቱ ቀን የሆነበት አገር ይመስለኝ ነበር። እዚህ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ማፊ ካህራባ» ነው፤ መብራት የለም ማለት ነው። ሐሙሲት ይሻላል። እዚህ ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ፣ ማዳም ግን ትሰስትበታለች።

«ይሄ ነገርሽ ከፍሪጄ በላይ ይበላል» አለችኝ ላፕቶፑን ሰክቼ ስታገኘኝ።

«ትንሽ ነው የሚበላው ማዳም።»

«አንቺም ስትመጪ እንደዚያ ብለውኝ ነበር።»

በስንት ልመና፣ ቅዳሜ ልብስ ስተኩስ ብቻ እንድሰካው ፈቀደች። ባትሪው አርጅቶ ስለነበር ሞልቶም ከሃምሳ ደቂቃ አያልፍም። አዱኛ በቤቱ ዋይፋይ እየጻፈልኝ አስተማረኝ። የስክሪኑን ብርሃን እንደ ኩራዝ ክር ዝቅ አደረግኩ። ብሉቱዝ የሚባለውን ዘጋሁ። አንድ ትእዛዝ ወረቀት ላይ ገልብጬ ፊደል በፊደል ስጽፈው፣ ባትሪውን የሚበላው ማን እንደሆነ ዘርዝሮ ያወጣልኛል፤ እኔም አንድ በአንድ አስቆማለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወደ ሰዓት ተኩል አደረስኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ነገር የለም።

እናቴ ግን ከሄድኩ ጀምሮ አላናገረችኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ። አዱኛ ሳይሰለች ሲለምናት ቆይቶ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «እህትዓለም፣ እሺ ብላለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሱቄ አመጣታለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ጠብቂን። ፊቷን አይቼ ልመርቃት፣ ግን አንዴ ብቻ ነው የምመጣው ብላለች።»

ቅዳሜ የማዳምን አንሶላ ሁሉ ሁለት ሁለቴ ተኮስኩት። ባትሪው መቶ ሞላ። አዱኛ ስትጨርሺ አጥፊው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ማጥፋት እፈራለሁ፤ አንዳንዴ ሲነሳ ጥቁሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከ«አጥፋ» በታች «አግድ» የሚል አለ። እኛ ጋ ማገድ ከብት መጠበቅ ነው። ደህና አድርጎ ያገደ ሰው አንዲት ጥጃ አያስበላም። ባትሪዬንም እስከ ነገ ያግድልኛል ብዬ፣ ተጫንኩትና ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

እሑድ ማዳም እናቷ ቤት ስትሄድ የጄኔሬተሩን መስመር አጥፍታ ሄደች። መብራትም አልነበረም። አልደነገጥኩም፤ ዋይፋዩ የራሱ ባትሪ አለው፣ የኔም ሙሉ ነው። ነጠላዬን ለብሼ ወጥ ቤት መሬት ላይ ተቀመጥኩና ከፈትኩት።

ቀይ ነው። ሦስት በመቶ ይላል።

ወዲያው ደወልኩ። ምስሉ መጣ።

«የታለች?» ትላለች እናቴ።

«ይቻትና እማ፣ ወደዚህ እይ» ይላታል አዱኛ።

ቀረበች። ግንባሯ ስክሪኑን ሞላው። አርጅታለች።

«ከስታለች» አለች።

 እንድትመርቀኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ፣ እስኪ ቀና…»

ቀና ስል ስክሪኑ ጨለማ ነው። የማብሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ። ማዳም እስክትመለስ ድረስ ስጫን ቆየሁ።

ማክሰኞ አዱኛ በማዳም ስልክ ደወለ። የሆነውን ነገርኩት። ሰማኝና «ይሄ የከብት ማገድ አይደለም እኮ እህትዓለም» አለኝ። «ማስተኛት ነው። ተኝቶም ባትሪ ይበላል፣ ያ አሮጌ ደግሞ አያድርም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«ለእማ ነገርካት?»

«ሁሉንም ነገርኳት። ባትሪ ነው አልኳት።»

«ምን አለች?»

 «‹እኔ ባትሪውን አላውቅም› አለች። ‹ልጄን ግን አውቃታለሁ። አንገቷን ደፍታ ዘጋችብኝ› አለች። ሚኒባስ እስክትሳፈር ድረስ ሌላ ቃል አልወጣትም።»

ማዳም በሩ ላይ ቆማ «ያላ፣ ያላ» እያለች እጇን ዘረጋች።

«አንገቴን የደፋሁት እንድትመርቀኝ ነው በላት» አልኩት።

«ብያታለሁ።»

«እንደገና በላት።»

«እሺ» አለ አዱኛ። «እሺ፣ እላታለሁ።» ድምፁ ግን ለሕፃን ቃል እንደሚገባ ሰው ድምፅ ነበር። ማዳም ስልኩን ወሰደች።