ሳይደርስ «ደርሷል» አልኩ

ይህን ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። አንድ አልጋ ላይ አብራኝ ለምትተኛ እህቴ እንኳ አልነገርኩም። ለእናንተ ለማላውቃችሁ የምነግረው ደፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ጥፋቴ ይሄ ነው። ያልደረሰን ጥሪ «ደርሷል» የሚል ፕሮግራም ሠራሁ። ያንን ያመነች ሴት ከሥራዋ ተባረረች፣ ስሟም ጠፋ። እኔ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ዝም አልኩ። በአጭሩ ይሄው ነው። ግን በአጭሩ ተናግሬ ብተወው ራሴን በደፈናው ወቅሼ ማምለጤ ነው፤ በደፈናው መወቀስ ደግሞ ማንንም አያምም። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የምሠራው ዲላ ውስጥ ለአንድ የትራንስፖርት ባለቤት ነው። ሐጂ እንላቸዋለን። በቡና ወቅት አይሱዙዎቻቸው ወርቃ፣ ጨለለቅቱ፣ ፍስሐ ገነት እየዞሩ ሐጂ ከቀጠሯቸው፣ የገበሬውን ቡና ከሚረከቡ ሰብሳቢዎች እሸት ቡና ጭነው ማጠቢያ ያደርሳሉ። የተለቀመ እሸት አያድርም። በለቀሙት ቀን ማጠቢያ ካልገባ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ የሚቀበለው የለም። ገበሬው ከሰዓት በኋላ ከማሳው ሲወርድ ታዲያ ሁሉም ሰብሳቢ በአንድ ጊዜ «መኪና!» ይላል። ዱሮ በስልክ ነበር የሚጠሩት። አንድ ስልክ፣ ስንትና ስንት ጠሪ፣ የስድብ መዓት።

ሐጂ «ከዚህ ጩኸት የሚገላግለኝ ነገር ሥሩልኝ» ያሉት ለሁለታችን ነው፤ ለእኔና ለኤልያስ። ኤልያስ ከደሴ መጥቶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሮ በዚያው የቀረ ልጅ ነው። እኔ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ኮድ መጻፍ የተማርኩት በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለተነሳ ነው። ኤልያስ አፉን በከፈተ ቁጥር እሱ ሳይሆን ዲግሪው የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰብሳቢው ስልኩ ላይ «ሞልቷል» የሚለውን ይነካል። ጥሪው በኢንተርኔት ሩቅ አገር ወዳለ የኪራይ ኮምፒውተር፣ ክላውድ ወደምንለው፣ ይሄዳል፤ እዚያ ይመዘገባል፣ ቅርብ ያለው ሾፌር ይታዘዛል። የተጨቃጨቅነው ክላውዱን በምን መልክ እንከራየው ብለን ነው። ኤልያስ ሰርቨር ይሁን አለ፤ አንድ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ ጥሪ ሲበዛ ሌሎች በራሳቸው የሚጨመሩለት፣ ጥሪው ሲቀንስ የሚጠፉ። እኔ ሰርቨርለስ ይሁን አልኩ። በዚህኛው ሁልጊዜ የሚነድ ሰርቨር አንከራይም፤ ጥሪ ሲመጣ ብቻ ፈንክሽን የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ይነሳል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ይጠፋል። ቡና በሌለበት ወራት ማንም የማይጠራውን ሰርቨር ለምን እንቀልባለን? አልኩ። ክርክሬ መጥፎ አልነበረም። ዛሬም መጥፎ አልነበረም እላለሁ። ጥፋቴ ምርጫው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ኤልያስ ግን ሁለት ነገር ነገረኝ። «ፈንክሽን ሳይጠራ ከቆየ መጀመሪያ ሲነሳ ይዘገያል» አለ። «ደግሞ ሁሉም በአንዴ ሲጠሩ ፈንክሽኖቹ ይበዛሉ፣ ጥሪው የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ግን ያው አንዱ ነው። ሁሉም በአንዲት በር እንግባ ሲሉ ይዘጋባቸዋል። ሰርቨሮቹን ግን ከመጠሪያው ሰዓት በፊት ማስነሳት እንችላለን። ሰዓቱ የሚታወቅ ግርግር እኮ ድንገተኛ አይባልም፣ እህቴ።»

እህቴ! ያቺ «እህቴ» ናት ያንገበገበችኝ። በሐጂ ፊት እንደ ሕፃን ልጅ አስረዳኝ ብዬ ደሜ ፈላ። «አንተ የምታወራው ከመጽሐፍ ነው» አልኩት። እኔ ከቪዲዮ እያወራሁ!

ሐጂ ሁለታችንንም አዩን። «እኔ የሁለታችሁም አልገባኝም። ሥራ ሲበዛ የማይቆመው የቱ ነው?»

«የእኔ!» አልኩ። ፈጥኜ ስለመለስኩ አሸነፍኩ። ኤልያስ ገና እያሰበ ነበር።

ሠራሁት። ሐጂ ሊያዩት ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ «ሞልቷል»ን ነኩ። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያው ክብ ዞረ። ዞረ። አሁንም ዞረ። ፈንክሽኑ ተኝቶ ነበር፤ ልክ ኤልያስ እንዳለው። «ምነው፣ ዙህር አልፎ የአስር ሶላት ሊገባብኝ ነው እኮ!» አሉ ሐጂ። ኤልያስ ሳቀ። በቀልዱ ነው የሳቀው፤ እኔ ግን በእኔ ሳቀ ብዬ ያዝኩት።

«ኔትወርክ ነው ሐጂ» አልኩ። ኔትወርክ አልነበረም። እኛ አገር ኔትወርክ ላይ ማሳበብን ማን ይከለክላል? ኔትወርክ ጠበቃ የለውም።

ምሳዬን ሳልበላ መዘግየቱን ደበቅኩት። አላስተካከልኩትም፤ ደበቅኩት። ልዩነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ጣት ሲነካው ከክላውዱ መልስ ሳይጠብቅ ወዲያው አረንጓዴ ሆኖ «ደርሷል፣ መኪና ይመጣል» እንዲል አደረግኩት። ምኑ ደርሷል? የት ደርሷል? ማን አየው? የትም አልደረሰም፤ ገና ከስልኩ አልወጣም። እኔ ግን በአረንጓዴ ጻፍኩት። በማግስቱ ሐጂ ነኩትና «ማሻአላህ፣ መብረቅ!» አሉ። ኤልያስ «ምን አድርገሽ ነው ያፈጠንሽው?» ሲለኝ «አመቻቸሁት» አልኩት። «ጎበዝ። እኔ ነኛ የተሳሳትኩት» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። አላፈርኩም። እውነቱን እየተናገርኩ አይደል? ደስ ነው ያለኝ።

ከዚያ ለሰብሳቢዎቹ አጠቃቀሙን ላሳይ ወጣሁ። የወርቃዋ ሰብሳቢያችን ታደለች ነበረች፤ ጎረቤቶቿ ቡናቸውን ለሌላ ከመስጠት ለእሷ መስጠት የሚመርጡ፣ የዕቁብ ዳኝነቱንም የሰጧት ሴት። «ይሄን አረንጓዴ ካየሽ መኪናው እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ሌላ አትደውዪ፣ መስመር ይጨናነቃል» አልኳት።

«ሾፌሮቻችሁ 'ደረስኩ' ሲሉኝ ገና ጨለለቅቱ ሻይ እየጠጡ ነው። ይሄስ?» አለች።

«ይሄ ሾፌር አይደለም እትዬ። አይዋሽም።»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በገዛ እጄ የዋሸሁበትን ነገር አይዋሽም ብዬ መሃላቸው ቆሜ ሳቅኩ!

ለቀማው ሞቅ ባለበት ሰሞን ዝናቡ ቀናት አስቆጥሮ አንድ ቀን ፀሐይ ወጣ። የቆመው ለቀማ ሁሉ በዚያች ቀን ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢው በሙሉ በአንድ ጊዜ «ሞልቷል»ን ነካ። ፈንክሽኖቹ በዙ፣ ዳታቤዙ በሩን ዘጋ። ኤልያስ ለእህቱ ሠርግ ደሴ ሄዶ ስለነበር ቢሮ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ስሕተት ሲደረደር አየሁ። አየሁ እያልኳችሁ ነው። አላየሁም የምል መንገድ የለኝም።

የማን ጥሪ እንደጠፋ ለይቼ አላውቅም ነበር። ግን ለሁሉም መደወል እችል ነበር። የሁሉም ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። «አረንጓዴውን አትመኑት፣ እንደገና ጥሩ» ማለት ብቻ። ለምን አልደወልኩም? «አረንጓዴውን አትመኑት» ካልኩ አረንጓዴውን ማን ሠራው ሊባል ነዋ! ኤልያስ ልክ ነበር ሊባል ነዋ! ሾፌሮቹ በመንገዳቸው ያገኟቸዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። መንገድ ዳር ያሉትን በእርግጥም አገኟቸው፣ ጫኑላቸው። ወርቃ ግን ጫፍ ነው። እግረ መንገዱን የሚያልፍበት ሾፌር የለም።

ታደለች አረንጓዴውን አይታ ለጎረቤቶቿ «ይመጣል» አለቻቸው። የሌላ ነጋዴ መኪና መጥቶ እንጫን ሲል መለሰችው፤ «የእኛ ደርሷል» ብላ። ጨነቃትና ስትደውል የቢሮው ስልክ ተይዟል። እሸቱ እዚያው አደረ። ጠዋት ጆንያውን ሲፈቱት ትኩስ ነበር ይላሉ፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። የስንት ቤት ድካም! ማጠቢያው አልቀበልም አለ።

ሐጂ በንዴት ደወሉላት፣ የስልኩን ድምፅ ከፍተው። «ልኬያለሁ፣ ሐጂ። አረንጓዴ ሆኗል። ሰው ሁሉ አይቷል» አለች። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ገብቷል ወይ?»

«እኛ ጋ የገባ የለም» አልኩ።

አያችሁ? እውነት ነው። እኛ ጋ የገባ አልነበረም። አንዲት የሐሰት ቃል ሳልጨምርበት አንድ ሰው ቀበርኩ። ውሸታም እንዳልባል እውነቱን መርጬ ወጋኋት። ውሸት ይሻል ነበር፤ ውሸታም ቢያንስ መዋሸቱን ያውቃል፣ እኔ ግን ለስንት ጊዜ «የተናገርኩት እኮ እውነት ነው» እያልኩ እንቅልፌን ተኛሁ።

ስልኩ ክፍት ስለነበር ሰምታኛለች። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ነሽ?» አለች። ሐጂ ዘጉት። «ተኝታ ነው። ተኝታ ደግሞ በማሽን ታሳብባለች» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ በቦታዋ ሌላ ሰው ተተካ።

በጣም የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ስልኩ በተዘጋበት በዚያው ቀን ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። አረንጓዴው ከክላውዱ መልስ ሲመጣ ብቻ እንዲበራ። ፈንክሽኖቹ ከልክ እንዳያልፉ፣ ወረፋ እንዲይዙ። ከለቀማው ሰዓት ቀደም ብሎ አንዱ ነቅቶ እንዲጠብቅ። ሁሉም የኤልያስ ቃል ነው። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ታደለች ገና ባልተባረረችበት ሰዓት የምትባረርበትን ጥፋት አርሜ ጨርሼ ነበር። ማረሙን ከቻልኩ መናገሩን እንዴት አቃተኝ? አላቃተኝም። አልፈለግኩም።

ኤልያስ ተመልሶ ኮዱን ሲያይ «ይሄ መቼ ተቀየረ?» አለኝ። «ቆየ እኮ» አልኩት። አየኝ። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እሱም ሥራውን ይፈልጋል። ግን በእሱ አላሳብብም። ሥርዓቱ እንደ ሰዓት ይሠራል፣ ሐጂ ለእንግዳ ሁሉ «የእኛ ልጅ ናት የሠራችው» ይላሉ፣ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ትሑት እመስላለሁ። ትሑት! ቢተፉብኝ ይሻል ነበር።

ዘንድሮ የአዲሱን ሰብሳቢ ስልክ ላስተካክል ወርቃ ሄድኩ። ታደለች ገበያ ውስጥ ቆጮ ስትሸጥ አገኘኋት። ከሌላ ነጋዴ ጋር ተሻርካ ነው እየተባለ ቡናውን የሚሰጣት የለም። የዕቁብ ዳኝነቱን ወስደውባታል። አጠገቤ የነበረ ጎረምሳ «ደርሷል! ቆጮውስ ደርሷል?» ብሎ ጮኸባት፣ ሰው ሳቀ። ስም አውጥተውላታል፤ «ደርሷል» ይሏታል። እኔ የጻፍኩትን ቃል ለሷ ስም አድርገው ሰጧት።

ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ልቤ ሁሉንም ልናገር ብሎ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እትዬ፣ ልከሽ እንደነበር እኔ አምንሻለሁ» የሚል ነው። አምንሻለሁ! የዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምሕረት እንደማደርግላት! ቆጮውን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ቀና አላለችም።

«ማመንሽ ምን ይሠራልኛል? መላኬን እኔ አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገሪ።»

ወዲያው ወደ ቀጣዩ ገዢ ዞረች። ታውቅ ይሁን፣ ትጠርጥር፣ አላውቅም። አልጠየቅኳትም። ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቼ ሸሸሁ።

እንግዲህ ለማታውቁት እየነገርኩ ነው። ታደለች ያን ቀን ልካለች። አልተኛችም፣ አልዋሸችም፣ ከሌላ ነጋዴ ጋር አልተሻረከችም። የሠራሁት ፕሮግራም ዋሻት፤ ፕሮግራሙን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ሰርቨርለስ አይደለም፣ ዳታቤዝ አይደለም፣ ኔትወርክ አይደለም። እኔ ነኝ።

ግን ይህን ጽፌ እፎይ ልል? «ደርሷል» እያሉ የሚጮሁባት ሰዎች ይህን አያነቡም። ይህ ከታተመ የሚያነቡት ሐጂ ናቸው፤ ሥራዬን ቢወስዱብኝ የራሳቸው ጉዳይ ነው። የወርቃ ሰው ግን በአፍ ነው የሚሰማው፤ በራሱ ቋንቋ በጌዴኡፋ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሙሉ ሆኖ። የእኔ ጌዴኡፋ የተሰባበረ ነው። ይሳቁብኛል፤ ጆንያቸው የቦካባቸው ደግሞ ከመሳቅ አልፈው ይሰድቡኛል። ይስደቡኝ። እዚያ ቆሜ በአፌ ካልተናገርኩ ይህ ወረቀት ሌላ ውሸት ነው፤ ያንን ሳላደርግ ብታገኙኝ አትመኑኝ።

ታደለችን ይቅርታ የምጠይቃት ስሟን ከመለስኩላት በኋላ ነው። ይቅር ባትለኝ መብቷ ነው። እናንተ ግን በእሷ ቦታ ገብታችሁ ይቅር እንዳትሉኝ። የበደልኩት እናንተን አይደለም።