የእንግሊዝ ግንብ በጋሽ ዓምሃ ግድግዳ ላይ

ወይዘሮ ውባለምን በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። «ለንደኗ» ነው የምትባለው። ለንደንን ግን አይታት አታውቅም። ከጉለሌ ወጥታ ርቃ የሄደችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ፍቼ አጠገብ የባሏ ዘመዶች ጋ፣ በሙሽርነቷ፣ ክረምቱን ሙሉ ባቄላ ስታርም የከረመች ጊዜ።

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ነው። ውባለም በወጣትነቷ ይገዙ የሚባል ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚጠግን ሰው አገባች። ሽማግሌ ተላከ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ በቃ። ቤተ ክርስቲያን አልገቡ፣ ማዘጋጃ ቤት አልፈረሙ። ለወጉ ያህል ከሽሮ ሜዳ በላይ አዲስ ወደተከፈተው የጋሽ ዓምሃ ፎቶ ቤት ጎራ አሉ።

ጋሽ ዓምሃ ከአንድ አስተማሪ ያገኙት አሮጌ ካላንደር ነበራቸው። በየወሩ የእንግሊዝ ከተማና መንደር የድሮ ፎቶ አለበት፤ በየፎቶው ደግሞ ግንብ። እንግሊዝ አገር ያለ ግንብ መንደር መቆርቆር የተከለከለ ነው የሚያስብል። ከነዚያ ውስጥ ሰዓት የተገጠመለትን፣ ሐረግ የወጣበትን አንዱን ረጅም ግንብ መርጠው በስቱዲዮው ግድግዳ ሙሉ በዘይት ቀለም ሣሉት። ለምን ግንብ ሲባሉ «ግንብ ፎቶ ሲነሣ ዓይኑን አይጨፍንም» አሉ። ግድግዳው ላይ የነበረችውን ሶኬት ማንሣት ስለከበዳቸው፣ ዙሪያዋን ጥቁር ቀብተው የግንቡ መስኮት አደረጓት። እውነቱን ለመናገር ከመስኮቶቹ ሁሉ የተዋጣላቸው እሷ ነበረች።

እዚያ ግንብ ሥር ከሁለቱ ሙሽሮች በቀር የተነሣ የለም ማለት ይቻላል። ደንበኛው ሁሉ «ወህኒ የወረድኩ አስመሰልከኝ» እያለ ሲያስቸግራቸው፣ ጋሽ ዓምሃ ወር ሳይሞላ በላዩ ላይ ፏፏቴ ሣሉበት። የሰፈሩ ሰው ከዚያ ወዲህ የተዳረው ሁሉ ፏፏቴ ሥር ነው።

ሙሽሮቹ ከፍቼ ሲመለሱ ጎረቤት ፎቶውን ሊያይ መጣ።

«ይሄ ደግሞ የት ነው?»

«እንግሊዝ አገር» አለች ውባለም።

ቀልዷን ነበር። ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ጠፍተው የከረሙ ሙሽሮች ናቸው፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። አፉን ሲከፍትላት ደግሞ ደስ አላት። ይገዙም ማስተባበሉን ትቶ «ጎማቸው እንኳ አይፈነዳም» ብሎ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር «ይሄ ምን ዝናብ ነው፣ የዚያን አገር ብታዩ» ማለት ለመደባት። የግንቡ ደወል ሌሊት ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅስ ሳይቀር አወራች። ልጅ ስላልወለደች ማታ ማታ የጎረቤት ልጆች ይህን ወሬ ፍለጋ እሷ ቤት ይሞሉ ነበር።

ይገዙ አምና ሞተ። ዘንድሮ ደግሞ ሰፈሩ ሊነሣ ነው ተባለ። የምትኖርበት የቀበሌ ቤት በይገዙ ስም ነው፤ ምትክ ቤት የሚሰጠው ለሚስት። ሚስት መሆኗን በሦስት ምስክር ማረጋገጥ አለባት፤ ፎቶም ካለ ይምጣ ተባለ። ውባለም ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሦስት ጎረቤቶቿን አስከትላ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች።

የተቀበለቻት ሊድያ የምትባል ሥርዓት ያላት ልጅ ናት።

«እማማ፣ የት ነው የተጋባችሁት?»

«እዚሁ ነዋ ልጄ፣ ጉለሌ።»

ሊድያ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞረችው። «ይሄ እኮ ውጭ አገር ነው።»

«ግድግዳ ነው። ጋሽ ዓምሃ ናቸው የሣሉት። ይቺን መስኮት አየሻት? ሶኬት ናት።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ምስክሮቹ ተጠሩ። መጀመሪያ የገባው ደበላ ነው፤ ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ፣ የይገዙ ጓደኛ። ምሎ ሲያበቃ ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ።

«እንዴታ! የሞቀ ትዳር ነበር! እንግሊዝ አገር ተጋብተው ነው የመጡት፤ ያውም ግንብ ሥር!»

ሊያግዛት ነው። ሁለቱም ተከታዮቹ ይህንኑ አሉ፤ አንደኛዋ ደወሉንም አልረሳችም።

ሊድያ ወጣች። «እማማ፣ ጋብቻው ውጭ ከሆነ የዚያን አገር የጋብቻ ማስረጃ እንፈልጋለን። የተረጋገጠ።»

ውባለም ደበላን ኮሪደሩ ላይ ያዘችው።

«ምን አደረግኸኝ?»

«ምን አደረግሁሽ? ያልሽኝን አልኩ።»

«አንተስ ሠርግህን ፏፏቴ ሥር ተነሥተህ የለም? ጢስ ዓባይ ሄደህ ነው?»

«እኔ መቼ ሄድኩ አልኩ?»

ውባለም ወደ ቢሮው በር ጎተተችው።

«ግባና ቀልድ ነበር በልልኝ፣ በሞቴ።»

«ታቦት ጠርቼ ምዬ? በሐሰት ማለ ልባል በስተርጅና? ደግሞስ ውቤ፣ ልጆቼ ያደጉት በአንቺ የእንግሊዝ ወሬ ነው። ዛሬ ውሸት ነበር ብትዪኝ አላምንሽም።»

ጋሽ ዓምሃ ከሞቱ ቆይተዋል። የቀረው ግድግዳው ነው። ስቱዲዮው የኡመይማ ሱቅ ሆኗል፤ የሳሙናና የዘይት። ኡመይማ ነገሩን ስትሰማ መደርደሪያውን ራሷ ጎትታ አወጣችው።

«ይፋቁት እትዬ። መቼም ሊፈርስ ነው።»

በቢላዋ ፋቁ። ሱቅ ሲሆን የተቀባው ነጭ ቀለም ለቀቀና ፏፏቴው ብቅ አለ። «ማሻአላህ» አለች ኡመይማ። ከፏፏቴው ቀለም ሥር ጣት የምታህል የግንቡ ግራጫ ድንጋይ ታየች። ውባለም ቢላዋውን ጫን አደረገችው። ያኔ ቀለሙ ሁሉ ተያይዞ፣ ግንቡም ፏፏቴውም፣ ከነልስኑ ተገንጥሎ እግሯ ላይ ተንኮታኮተ። የቀረው ጭቃ ነው። ጭቃና ሶኬት።

ሊድያ ጥሩ ልጅ ስለሆነች በማግስቱ በምሳ ሰዓቷ መጣች።

«የታለ ግንቡ?»

«ወደቀብኝ። መስኮቷ ግን ይቻትልሽ።»

ልጅቷ ሶኬቷን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ ውባለምን አየች። ውባለም ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ይገዙ በመጨረሻ ዘመኑ ስሟ ሲጠፋበት እሷ ራሷ ታየው የነበረው እንደዚያ ነው።

«እማማ፣ የሚጦርዎ ሰው የለም?» አለች ሊድያ ቀስ ብላ።

ቤቱ የፈረሰ ዕለት፣ ለራሱ ምትክ ቤት የደረሰው ደበላ ፍራሿን ተሸክሞ መኪና ላይ ጫነላት። የምትሄደው ወደ እንጦጦ ማርያም መውጫ፣ የእህቷ ልጅ ጓዳ ነው።

«አይዞሽ» አላት። «አንቺ እንኳ ሌላ አገር ታውቂያለሽ። እኛ ነን መሄጃ የሌለን።»

እያፌዘ አልነበረም። ቢሆን ይሻላት ነበር።

ከሾፌሩ ጎን ፎቶውን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ዳገቱን ሲጀምሩ ሰውየው ሰረቅ አድርጎ አየው።

«እማማ፣ ይሄ የት ነው?»

ውባለም ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው።

«ግድግዳ ነው» አለች። «ሽሮ ሜዳ በላይ፣ ሱቅ ውስጥ።»

ሾፌሩ ከልቡ ሳቀ።