«ሰርዝ» የማይሰርዝበት ዘመን

ሩደይና በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ የሠራች ፕሮግራመር ናት። ድርጅታችን የኩላሊት እጥበት ቀጠሮ የሚይዝ ሶፍትዌር አለው፤ የየክሊኒኩ ፕሮግራም የእኛን ትእዛዞች በስማቸው እየጠራ ይሠራል። ስሞቹን ያወጣው ሰው ምን ነክቶት እንደነበር እንጃ። «ሰርዝ» የተባለው ትእዛዝ አይሰርዝም፤ ቀጠሮውን ወደ ማግስቱ ያስተላልፋል። ቀጠሮን ከነጭራሹ የሚያጠፋው «ዝጋ» የሚባለው ነው። እኛማ ለምደነው ማፈር ትተናል።

አንድ ቀን ከኢርቢድ ከተማ አንዲት እናት ደወሉ። ሩደይና አነሳችው።

«ልጄ፣ ባሌን ከቀበርኩ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። ስልኩ ላይ ግን በየቀኑ ‹ነገ እጥበት አለዎት› የሚል ይመጣል። እባካችሁ ይረፍበት!»

የኢርቢዱ ክሊኒክ አዲስ ደንበኛ ነው፤ ስሙን አምኖ በየቀኑ «ሰርዝ» ሲል ከርሟል።

ሩደይና ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዞረች። «ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ። እኒህን በ‹ዝጋ› ባሳርፋቸው ነገ ሌላዋ ትደውላለች። ሰርዝ ከተባለ ይሰርዛ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ለአሮጌ ስም አዲስ ሥራ አይሰጥም። ሌላ ስም አውጪ፤ ክሊኒኮቹ አሮጌውን እስኪለቁት ጠብቂያቸው።»

«ዓመት ሙሉ? እንግዲያው ቀጣይዋን ሴትዮ አንተ አነጋግራቸዋ!»

ሥራዋን መርምሬ የማጸድቀው እኔ ነኝ፤ አጸደቅኩላት። ለክሊኒኮቹ ሁሉ ማስታወቂያ ላከች።

ዘርቃ ከተማ ያለው ክሊኒክ ማስታወቂያውን የሚያነብለት አልነበረውም። ፕሮግራሙን የሠራለት ሰው ዱባይ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ማሽን ተበላሸ፤ ነርሷ እንደ ወትሮዋ «ለነገ» የሚለውን ቁልፍ ተጭና ስድስት ሕመምተኞችን አሻገረች። ቁልፉ ከሥር የሚጠራው «ሰርዝ»ን ነው። የስድስቱም ቀጠሮ ድራሹ ጠፋ።

አምስቱ በማግስቱ መጥተው ክሊኒኩን በጩኸት አናወጡት። ስድስተኛው አቡ ነዋፍ ናቸው፤ ሰው ማስቸገር የማይወዱ ጡረተኛ አስተማሪ። ሚስታቸው «ሂድ እንጂ!» ቢሏቸው «ወረፋ በዝቶባቸው ነው፣ መልእክቱ ይመጣል» እያሉ እግራቸው አብጦ ስድስት ቀን ጠበቁ። በሰባተኛው ሞቱ።

ሩደይና አቡ ነዋፍ ቤት ለቅሶ ደርሳ በተመለሰች ዕለት የኢርቢዷ እናት ደወሉ።

«ልጄ፣ ስልኩ ጸጥ አለልኝ። አላህ እጅሽን ይባርክ።»

«አሜን» አለች ሩደይና። ስልኩን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«እያወቅክ ለምን አጸደቅክልኝ?»